ሰው በተያዘ ጊዜ ስለ ዋስና ስለ ጠበቃ የሚገባ ትምህርት

የአገራችን ሰው፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» እያለ ይተርታል። በቅሎ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ተረቱን የተናገረው ሰው ያዘነው ዳኛ ሳይሰማው፥ ምስክርም ሳይቈጠርበት ስለ ተወሰደችበት ነው። ስለ አንዲት ጭብጦ እንዲህ ከተባለ፥ ስለ ሰው አካልና ስለ ነጻነቱማ እንዴት ይልቅ አይባል!

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ በዛሬው ትምህርት አንድ ሰው በፖሊስ በተያዘ ጊዜ እርሱ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚገባው፥ ቤተ ዘመዱም ወዴት መሄድ እንዳለበት፥ ዋስ ምን እንደ ኾነ፥ ጠበቃም እንዴት እንደሚገኝ እንማራለን። ይህን ማወቅ ለከተማ ሰው ብቻ የሚያስፈልግ አይምሰልህ። በመርሳ ገበያ፥ በግራና መስኖ፥ በውርጌሳ መንገድ በሰላም የዋለ ሰው፥ በአንድ ጠብ ወይም በአንድ ጥርጣሬ ምክንያት ማታውን በፖሊስ ጣቢያ ሊያድር ይችላል። በዚያች ሌሊት ቤተ ዘመዱ ሕጉን ካላወቀ፥ በድንጋጤ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ለማይገባ ሰው ይሰጣል። ሕጉን ያወቀ ግን ሰውዬውንም ገንዘቡንም ያድናል።

አንደኛ ክፍል። መያዝ፥ መከሰስና መፈረድ

መያዝ ማለት ፖሊስ አንድን ሰው በወንጀል ጠርጥሮ ወደ ጣቢያ መውሰዱ ነው። መከሰስ ማለት ዐቃቤ ሕግ ሰውዬው አደረገ የተባለውን ወንጀልና ተላለፈ የተባለውን የሕግ ቍጥር ጽፎ ለፍርድ ቤት ማቅረቡ ነው። መፈረድ ማለት ዳኛ የኹለቱን ወገን ቃልና ማስረጃ ሰምቶ፥ ጥፋተኛ ነው ወይም ጥፋተኛ አይደለም ብሎ መወሰኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ እንደ መሰላል ደረጃ አንዱ ከሌላው የተለዩ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የቆመውን ሰው በሦስተኛው ላይ እንደ ቆመ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር አዝዟል። ስለዚህ «ታስሯልና ሌባ ነው» የሚል ሰው ከዳኛው ቀድሞ ይፈርዳል። እንዲሁም «በዋስ ወጥቷልና ነገሩ አለቀለት» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ በዋስ የወጣ ሰው ጉዳዩ ገና በመዝገብ ላይ ነው። እነዚህን ኹለቱን ስሕተቶች ያራቀ ተማሪ የዋስን ምሥጢር ለመረዳት ቀርቧል።

ኹለተኛ ክፍል። የዋስ ነገር በአባቶች ዘመን

ዋስ ከውጭ አገር የመጣብን ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ኹለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ አንዱ ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር። መንገደኛም ቢኾን ዳኛ ኾኖ ነገራቸውን ይሰማላቸው ነበር። ነገሩ ወደ ሹም ያለፈ እንደ ኾነ ተከሳሹ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣ ግን ከከሳሹ ጋራ በቁራኛ ይታሰራል። ቁራኛ ማለት ኹለቱን ባለ ጉዳዮች የነጠላቸውን ጫፍ አቋጥሮ ወይም በሰንሰለት አያይዞ፥ ነገሩ እስኪፈረድ ድረስ አብረው እንዲውሉና አብረው እንዲያድሩ ማድረግ ነው። እንግዲህ በዚያን ዘመን ዋስ ያለው ሰው ከቁራኛ ይድናል፤ እርሻውን ያርሳል፤ በቀጠሮውም ቀን ከዳኛ ፊት ይቀርባል።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ዋስ የሚናገር አንቀጽ አለው። በሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍም፥ በተሰሎንቄ ከተማ ኢያሶን የተባለው ሰው በተያዘ ጊዜ ሹማምንቱ ዋስ ተቀብለው እንደ ለቀቁት ተጽፏል። የእስልምና ሊቃውንትም ዋስትናን «ከፋላ» ብለው፥ ለገንዘብ ዋስ መኾንንና ሰውን ከዳኛ ፊት ለማቅረብ ዋስ መኾንን ለይተው አስተምረዋል።

የመንግሥቱም ሕግ ይህን ነገር ቀስ በቀስ አጽንቶታል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፥ ሕግ ካዘዘው በቀር ማንም ኢትዮጵያዊ እንዳይያዝና እንዳይታሰር አዘዘ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ51ኛው አንቀጽ፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ወሰነ። ሰውዬው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ የሚደረስበትና መንገዱም 48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ እንደ ኾነ፥ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያስረዝመው ይችል ነበር። ይህ የሚያሳየው፥ ሕጉ ሲጻፍ የደጋውና የቆላው ሰው መንገድ የታሰበ መኾኑን ነው።

ሦስተኛ ክፍል። የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓቶች

ዛሬ የሚሠራበት ሕገ መንግሥት በ19ኛውና በ21ኛው አንቀጽ ለተያዘ ሰው የሚከተሉትን መብቶች ሰጥቶታል።

አንደኛ፥ የተያዘበትን ምክንያት ወዲያውኑ በሚያውቀው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ከቆላ ወርዶ ለገበያ የመጣ አፋርኛ እንጂ አማርኛ የማያውቅ ሰው ቢኖር፥ በማያውቀው ቋንቋ የተነገረው ነገር እንዳልተነገረው ይቈጠራል።

ኹለተኛ፥ ዝም የማለት መብት አለው። የሚናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ኾኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በቅድሚያ ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም። እንዲያምን ማስገደድም ክልክል ነው፤ ተገዶ የሰጠውም ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም።

ሦስተኛ፥ በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ስፍራ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ከዚህ አይቈጠርም። ሕገ መንግሥቱ ሰንበትን ወይም በዓልን ይቀነስ አላለም።

አራተኛ፥ ባለቤቱ፥ ዘመዶቹ፥ ወዳጆቹ፥ የሃይማኖት አባቱ፥ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጐበኙት ይችላሉ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ61ኛው ቍጥር፥ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን አስጠርቶ እንዲነጋገር፥ ከጠየቀም መጻፊያ እንዲሰጠው አዝዟል።

ስለዚህ ቤተ ዘመድ በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ሰውዬው በየትኛው ጣቢያ እንዳለ ማወቅ፥ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት መጻፍ፥ የመርማሪውን ፖሊስ ስም ጠይቆ መመዝገብ ነው። ሰዓቱን መቍጠር ቀላል ነው። ማክሰኞ ጧት በ4 ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓት የሚሞላው ሐሙስ ጧት በ4 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ያልተጻፈ እንደ ኾነ ግን በኋላ ክርክር ይነሣል።

ጊዜው አልፎ ሰውዬው ሳይቀርብ የቀረ እንደ ኾነስ ምን ይደረጋል? በዚያን ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህ «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም አቀራረቡን ወስኗል። በእንግሊዝ አገር ይህን ዐይነት አቤቱታ የሚያጸና ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1679 ነው። አቤቱታውን የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሰማው ከጠበቃ ወይም ከመዝገብ ቤት ጠይቆ መረዳት ነው።

አስቸኳይ ጊዜ በታወጀ ወራት ግን ከእነዚህ መብቶች አንዳንዶቹ ለጊዜው ሊታገዱ ይችላሉ። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ያበቃው በ2016 ዓ.ም. ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜም ቢኾን፥ በ18ኛው አንቀጽ የተጻፈው ሰውን በጭካኔ ከማሠቃየት የሚከለክለው ሕግ እንዳይታገድ ሕገ መንግሥቱ በ93ኛው አንቀጽ ከልክሏል።

አራተኛ ክፍል። ዋስ ምንድን ነው?

ዋስ ማለት የተያዘው ሰው ከእስር ወጥቶ በቀጠሮው ቀን ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚደረግ መያዣ ነው። መያዣው ገንዘብ ሊኾን ይችላል፤ ወይም «እኔ አቀርበዋለሁ፥ ባላቀርበው ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ሊኾን ይችላል። ዋስ መቀጫ አይደለም፤ ካሣም አይደለም፤ ለማንም የሚሰጥ መማለጃ አይደለም። ለዋስ የተያዘ ገንዘብ፥ ሰውዬው ቀጠሮውን ኹሉ አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ሲከፈል የመንግሥት ደረሰኝ መቀበልና ደረሰኙን በጥንቃቄ ማኖር ያስፈልጋል። ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ ዋስ አይደለም።

ነገሩ ቀላል የኾነ እንደ ኾነ፥ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ በ28ኛው ቍጥር መሠረት መርማሪው ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቀው ይችላል። ይህም ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲኾን ወይም ወንጀል መፈጸሙ አጠራጣሪ ሲኾን ነው። ፖሊስ ያልለቀቀው ሰው ወደ ፍርድ ቤት ያመለክታል።

ሕጉ በ63ኛው ቍጥር ዋስ የሚፈቅደው፥ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በኾነ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲኾንና ተበዳዩም ይሞታል የሚያሰኝ ሥጋት በሌለ ጊዜ ነው። በ67ኛው ቍጥር ደግሞ ፍርድ ቤቱ ዋስ የሚከለክልባቸውን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ሰውዬው ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ መስሎ የታየ እንደ ኾነ፥ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል የሚያሰኝ እንደ ኾነ፥ ምስክሮችን ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚያሰኝ እንደ ኾነ ነው። አመልካች ሰው ማመልከቻውን ሲያዘጋጅ ለእነዚህ ለሦስቱ መልስ ሊኖረው ይገባል። ቤቱና እርሻው በዚሁ ወረዳ መኾኑን፥ የሚያሳድጋቸው ልጆች መኖራቸውን፥ ከዚህ ቀደም ያልተቀጣ መኾኑን መግለጽ ይጠቅመዋል፤ የሚገልጸው ግን እውነት የኾነውን ብቻ ነው።

የዋሱ ገንዘብ ልክ በዳኛው ይወሰናል። ዳኛው የክሱን ክብደት፥ ሰውዬው የመቅረቡን ተስፋ፥ የሕዝቡን ጸጥታ፥ እንዲሁም የተያዘውንና የዋሱን ሰው አቅም ይመረምራል። ልኩ ከአቅም በላይ ከኾነ ያንኑ ለዳኛው በአክብሮት ማስረዳት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ በማመልከቻው ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ አዝዟል። ዋስ የተከለከለም ሰው በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይችላል። በመርሳ ያለው የወረዳ ፍርድ ቤት የከለከለውን፥ በወልድያ ያለው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ያየዋል። ወልድያ ከመርሳ በመኪና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የዋስ ነገር ለታላላቅ ሰዎችም አከራካሪ ኾኖ ያውቃል። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በተያዙ ጊዜ፥ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ወዲያው እንደ ገና በፖሊስ ተያዙ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቍጥር 239 በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ከለከለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 434 ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ በማያስቀጣ የሙስና ክስ ዋስ እንዲፈቀድ አደረገ። ከዚህ የምንማረው፥ ዋስ መብት ቢኾንም ልዩ ሕግ ሊያጠበው ወይም ሊያሰፋው እንደሚችል ነው። ስለዚህ «የተከሰሰበት የሕግ ቍጥር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የባለ ጉዳይ ኹሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኹን።

አምስተኛ ክፍል። ጠበቃ እንዴት ይፈለጋል?

ጠበቃ ማለት ሕግን ተምሮ፥ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ፥ ስለ ባለ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የሚከራከር ሰው ነው። በቀድሞ ዘመን አንደበቱ የተባ ነገር ዐዋቂ ሰው ለሌላው ይሟገት ነበር፤ ዛሬ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው በጠበቃነት ሊቆም አይችልም።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ሦስት ዐይነት ሰው ይገኛል። አንደኛው ጠበቃ ነው። ኹለተኛው ማመልከቻ ጸሓፊ ነው፤ ሥራው መጻፍ ብቻ ነው፤ በዚህም ሊነቀፍ አይገባም። ሦስተኛው «ዳኛውን ዐውቀዋለሁ፥ ፖሊሱ ዘመዴ ነው፥ ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ነው። ከዚህ ከሦስተኛው ሽሽ። ገንዘብህን ይበላል፤ ከዚያም በላይ መማለጃ መስጠት ራሱ ወንጀል ስለ ኾነ፥ ወንድምህን ላስፈታ ብለህ አንተ ትታሰራለህ።

እውነተኛውን ጠበቃ ለማወቅ የሚከተለውን አድርግ። በመጀመሪያ የጠበቃነት ፈቃዱን አሳየኝ በለው፤ ፈቃዱም ጊዜው ያላለፈበት መኾኑን ተመልከት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደግ ጠበቃ ፈቃዱን በደስታ ያሳያል። ቀጥሎ፥ የወንጀል ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደ ኾነ ጠይቀው። ከዚያም ዋጋው ስንት እንደ ኾነ፥ ዋጋውም ለዋስ ማመልከቻው ብቻ ወይም እስከ ፍርድ ድረስ መኾኑን ተነጋገርና ውሉን በጽሑፍ አድርግ። ለከፈልኸው ገንዘብ ደረሰኝ ተቀበል። «በእርግጥ አስፈታዋለሁ» ብሎ የሚምል ሰው የዳኛውን ሥራ ለራሱ የወሰደ ነውና አትመነው።

ድኻ የኾነ ሰውስ ምን ያድርግ? ሕገ መንግሥቱ በ20ኛው አንቀጽ፥ ለጠበቃ የሚከፍለው ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት በኾነ ጊዜ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ይህ ጠበቃ «ተከላካይ ጠበቃ» ይባላል። ስለዚህ ተከሳሹ ዳኛውን፦ «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝምና ተከላካይ ጠበቃ ይታዘዝልኝ» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ፤ ያልጠየቀ ሰው ሊዘነጋ ይችላል። ከዚህም ሌላ የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኾች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣሉና፥ የሀብሩ ሰው ወደ ወልድያ በሄደ ጊዜ በዚያ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ቢጠይቅ መልካም ነው። መብቱ የተጣሰበትም ሰው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላል።

ጠበቃ እስኪገኝ ድረስ የዋስ ማመልከቻ መዘግየት የለበትም። ማመልከቻውን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ታሳሪው ግን ራሱ ይፈርምበታል። አጻጻፉም እንዲህ ነው።

«ለሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት፤ መርሳ።
አመልካች፦ (ስም፥ ከነአባትና ከነአያት፤ ቀበሌ)።
ጉዳዩ፦ በዋስ እንድለቀቅ ስለ መለመን።
እኔ አመልካች በ(ቀን) በ(ሰዓት) ተይዤ በ(ስፍራ) ፖሊስ ጣቢያ ታስሬ እገኛለሁ። የተጠረጠርሁበት ነገር ዋስ የሚያስከለክል አይደለም። ነዋሪነቴ በዚሁ ወረዳ ነው፤ የምተዳደረው በእርሻ ነው፤ (ቍጥር) ልጆች አሉኝ። ብለቀቅ በቀጠሮዬ ቀን ኹሉ እቀርባለሁ፤ ምስክርም አላባብልም። ዋስ የሚኾነኝ (ስም) የተባለው ሰው ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አቅሜን ያገናዘበ ዋስ አስጠርቶ እንዲለቀኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ፊርማ። ቀን።»

ስድስተኛ ክፍል። ዋስ የኾነ ሰው ስላለበት ግዴታ

ዋስ መኾን ትልቅ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ዕዳ ነው። ዋስትና የተቀበሉለት ሰው በቀጠሮው ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እንደ ኾነ፥ ፍርድ ቤቱ ሰውዬው እንዲያዝ ያዝዛል፤ ዋሱም የፈረመውን ገንዘብ እንዲከፍል ይደረጋል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የገንዘቡን ልክ አንብብ፤ ማንበብ የማትችል እንደ ኾንህ አስነብብ። የቀጠሮውን ቀን ጻፍ፤ ሰውዬውንም በዋዜማው አስታውሰው። ከዋስትናው ለመውጣት የፈለግህ እንደ ኾነ፥ ለሰውዬው በቃል መንገር አይበቃም፤ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ያስፈልጋል።

በዋስ የወጣውም ሰው ይህን ያስብ። እርሱ ወደ ሌላ አገር ቢኮበልል፥ በእርሱ ፈንታ የሚከፍለው ያመነው ጎረቤቱ ነው። በዚያ ቀበሌ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው በተያዘ ጊዜ «ዋስ እኾናለሁ» የሚል ይጠፋል። የአንድ ሰው መኮብለል የብዙ ሰዎችን ደጅ ይዘጋል።

በወሎ አገር ሽማግሌዎችና አበጋሮች የተጣላውን ያስታርቃሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ይህ የከበረ ሥራ ነው። ኾኖም ዕርቅ በራሱ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አይዘጋም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ቀላል ነገር፥ ተበዳዩ አቤቱታውን ቢተው ክሱ ሊቀር ይችላል። በከባድ ወንጀል ግን ከሳሹ መንግሥት ስለ ኾነ፥ ከታረቁም በኋላ ቀጠሮን ማክበር ግዴታ ነው።

ሰባተኛ ክፍል። ስለ ልጆች

ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል ሕግ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በተያዘ ጊዜ ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ነገሩ ለሌላ ቀን የተቀጠረ እንደ ኾነም ለወላጁ፥ ለአሳዳጊው ወይም ለታመነ ሰው አደራ እንዲሰጥ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አዝዟል። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ባልንጀራህ የተያዘ እንደ ኾነ ሮጠህ ለወላጆቹና ለመምህርህ ንገር። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ዕድሜውን ለማስረዳት ይጠቅማል።

ስምንተኛ ክፍል። ምሳሌ

አኹን የተማርነውን በምሳሌ እንመልከት። በግራና አንድ ገበሬ በመስኖ ውሃ ተራ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋራ ተጣላ እንበል። ጎረቤቱ በበትር ተመትቶ ክንዱ ቈሰለ። ፖሊስ ማክሰኞ ጧት በ4 ሰዓት ገበሬውን ይዞ ወደ መርሳ ወሰደው። ታናሽ ወንድሙ ሲከተል፥ በመንገድ አንድ ጉዳይ ገዳይ አገኘውና፦ «የበሬህን ዋጋ አምጣ፥ ዛሬውኑ አስፈታዋለሁ» አለው። ወንድሙ ሊሸጥ ሲነሣ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አቆሙት።

«ልጄ፥ የት እንዳለ አይተኸዋል?» አሉት።

«አላየሁትም አባባ» አላቸው።

«በስንት ሰዓት ተያዘ? በምን ተጠረጠረ? ይህን ሳታውቅ በሬ ይሸጣልን? ሂድና በመጀመሪያ ወንድምህን እየው፤ ሰዓቱን ጻፍ፤ ዋስ የሚኾነውን እኔ አለሁ።»

ወንድሙ ወደ ጣቢያው ሄዶ ምግብና ልብስ ሰጠው፤ ሰዓቱንና የመርማሪውን ስም ጻፈ፤ የተጠረጠረበትንም ጠየቀ። ረቡዕ የዋስ ማመልከቻ አስጽፎ ታሳሪውን አስፈረመ። ሐሙስ ጧት ፖሊስ ገበሬውን ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት አቀረበውና፥ የሐኪም ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ የምርመራ ቀጠሮ እንዲሰጠው ለመነ። እንዲህ ያለውን ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አብልጦ አይሰጥም። ገበሬው ግን ማመልከቻውን አቀረበ፤ «የተመታው ሰው በእግሩ ቆሞ ይሄዳል፤ ሕይወቱ አያሠጋም፤ እኔም ነዋሪ ነኝ» አለ። ዳኛው ኹለቱን ወገን ሰምቶ በ5,000 ብር ዋስ እንዲለቀቅ አዘዘ እንበል። ሽማግሌው ፈረሙ፤ ገበሬው ወጣ። በሬውም በበረቱ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ገበሬው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፥ ሽማግሌውን አስከትሎ ወደ መርሳ ወረደ። ጥፋተኛ መኾኑ ወይም አለመኾኑ በዚያ በፍርድ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ግን ማሳው አልጠፋም፤ ልጆቹ አልተራቡም፤ ተበዳዩም ክሱ አልቀረበትም። ዋስ የተሠራው ለዚህ ነው፤ የተጠረጠረው ሳይጐዳ፥ የተበደለውም ፍርድ ሳያጣ ነገሩ እንዲመረመር ነው።

ለተማሪዎች የተሰጠ ጥያቄ

አንደኛ። በመያዝ፥ በመከሰስና በመፈረድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ኹለተኛ። ዐርብ ከቀኑ በ9 ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓት የሚሞላው መቼ ነው?

ሦስተኛ። ፍርድ ቤት ዋስ የሚከለክልባቸውን ሦስቱን ምክንያቶች በቃልህ ዘርዝር።

አራተኛ። ጠበቃን ከጉዳይ ገዳይ በምን ትለየዋለህ?

አምስተኛ። ለዋስ የተያዘ ገንዘብ የሚመለሰው መቼ ነው? ደረሰኝስ ለምን ይጠቅማል?

ስድስተኛ። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ተከሳሽ ዳኛውን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ሰባተኛ። ከላይ የተጻፈውን የማመልከቻ አርኣያ ተመልክተህ፥ ስለ አንድ የምናብ ሰው የዋስ ማመልከቻ በደብተርህ ጻፍ፤ ማታም ለቤተ ሰብህ አንብብላቸው።